«ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ
(ለአዳዲስ የታካሚ ደጋፊዎች በሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አዳዲስ የታካሚ ደጋፊዎች፣ የጤና ጣቢያ ባልደረቦች፣ የዕድር ተወካዮች፣ እንደምን አደራችሁ!

በጠዋት ታክሲ ተጋፍታችሁ እስከ ቱሉ ዲምቱ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ታካሚዎቻችንም የሚመጡት እንደዚሁ ተጋፍተው ነው፤ ያውም አሟቸው።

ዛሬ በአብዛኛው የማወራው ስለ አንዲት ጥያቄ ነው፤ «ገባዎት?» ስለምትለው። ተዉአት። እማማ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «አዎ ልጄ፣ ገብቶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይሏችኋል። ምን ይበሉ? ይሉኝታ አለ። በር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። በዚያ ላይ የልጃቸው እኩያ ለሆነች ነርስ «አልገባኝም» ማለት በእሳቸው ዕድሜ ቀላል አይደለም። ቤት ሲገቡ ግን ኪኒኖቹን ከፌስታል ዘርግፈው የትኛው የጠዋት፣ የትኛው የማታ እንደሆነ ጎረቤት ይጠይቃሉ። ጎረቤትም የራሷን የግፊት መድኃኒት አወሳሰድ ትነግራቸዋለች።

በዚያች ጥያቄ ፋንታ እንዲህ በሏቸው፦ «እማማ፣ በደንብ ማስረዳቴን ማወቅ ፈልጌ ነው። ማታ ልጅዎ መጥታ ‹ምን አሉሽ?› ብትልዎት ምን ይሏታል?» ያን ጊዜ የምትፈተኑት እናንተ እንጂ እሳቸው አይደሉም። ሲናገሩ አታቋርጧቸው፣ አንገታችሁን እየነቀነቃችሁም አታርሟቸው። «በየ8 ሰዓቱ» የታዘዘላቸውን መድኃኒት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንዴ ብቻ የሚውጡ አባት፣ ችግራቸው የሚወጣው እንዲህ በራሳቸው አፍ ሲናገሩ ነው። ለእንዲህ ያለው ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ብላችሁ ካርቶኑ ላይ ጻፉላቸው። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ፀሐይና ጨረቃ ሳሉ። ሥዕላችሁ ባያምርም ግድ የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ፣ መጀመሪያ ምን ይነገር የሚለው ነው። የሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። ሕክምናው ለአብዛኛው ሰው 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። አራቱን ስም መሸምደድ የእናንተ ሥራ ነው። ታካሚው በመጀመሪያው ቀን መስማት ያለበት ሽንቱ እንደሚቀላ ነው። ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ወደ ብርቱካናማ ይቀይራል። ያልተነገረው ሰው «ደም ሸናሁ» ብሎ ደንግጦ ያቆመዋል። የተነገረው ግን «ያሉኝ ደረሰ» ብሎ ይቀጥላል፤ ከዚያ ወዲያ የምትሉትንም ያምናችኋል። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ይምጣ። ይኸው መድኃኒት የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ኃይል ስለሚቀንስ፣ የሚመለከታቸውን ሴቶች እስከ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ሸኟቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳሉ ይተዋል፣ ምግብ ይበላለታል፣ «ድኛለሁ» ይላል። መድኃኒቱ የሚጣለው ያን ጊዜ ነውና ስልክ መደወል ያለባችሁም ያን ጊዜ ነው።

ጠበል የሚሄድ ታካሚ ሲያጋጥማችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩበት። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ኪኒኑን በጠበሉ ይዋጠው፤ ማን ይጎዳል? ጾም ላይ ግን ጠንከር በሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምስ ቢቆይ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ይህን ሐኪሙ ይወስን፤ ታካሚው ከፈቀደም ንስሐ አባቱን፣ ሙስሊም ከሆነ የመስጊዱን ኢማም አነጋግሩ።

ጨው መቀነስንም ለአባወራው ብቻ ነግራችሁ አትመለሱ። ብዙዎቹ ጨው ጓዳ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቁም። ወጡን የሚሠራው ማን እንደሆነ ጠይቁና በአባወራው ፈቃድ ያንን ሰው አስተምሩ።

ፈቃድ ካልኩ ዘንድ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደረጃው ላይ የሚነገር ሁሉ እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል። ጋውን ለብሳችሁ በር አታንኳኩ፤ በር ላይ ቆማችሁም ስለ መድኃኒት አትጠይቁ። ከገላን አካባቢ ለሚመጡ፣ አፋን ኦሮሞ ለሚቀላቸው ታካሚዎች ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ጥሩ። ትንሽ ልጃቸውን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ እናት የማሕፀን ሕመሟን በልጇ አፍ አትናገርም።

መድኃኒት መጨመርና መቀነስ የእኛ ሥራ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ሐኪም ዘንድ ከመግባታቸው በፊት ግን አግዳሚው ላይ አብራችሁ ተቀመጡና «ዛሬ ዶክተሩን ምን ልትጠይቂው ነው?» በሉ። ሁለት ጥያቄ ከያዘች ይበቃታል።

አሁን ሻይ እንጠጣ። ከሻይ በኋላ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ፤ አንዳችሁ እማማን፣ አንዳችሁ ደጋፊውን ትሆናላችሁ። እማማን የምትሆኑት፣ ለሚነገራችሁ ሁሉ «ገብቶኛል ልጄ» በሉ።

አመሰግናለሁ።