አንድ መሬት ስንት ጊዜ ይመረመራል?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ወደዚህች የሚኔሶታ ከተማ ወደ ወርዚንግተን የመጣነው ሥራ ፈልገን ነበር፤ ሥራውን አግኝተናል፣ ያጣነው ቤት ነው። ከሥጋ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ፣ ልጆች ለትምህርት ተነሥተው አልጋ እስኪለቁላችሁ የምትጠብቁ በዚህ አዳራሽ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የተጋበዝኩት ስለ ብድር እንድናገር ነው፤ ብድሩ ግን ቤት ከሌለ ምን ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ1970 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት የብሔራዊ አካባቢ ፖሊሲ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በመሬትና በውሃ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንዲመረመር ያዛል። ሕጉን አልቃወምም። የእርሻ ናይትሬት የጉድጓድ ውሃቸውን ያበላሸባቸው ጎረቤት ከተሞች እያሉን ምርመራው ጨርሶ ይቅር የሚል ሰው ቢኖር እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም።

ነገር ግን ከባልደረቦቼ ጋር ያየነውን ልንገራችሁ። አሮጌ መጋዘን ፈርሶ ባዶውን የቀረ፣ ግራና ቀኙ ሰው የሚኖርበት፣ አስፋልቱና የፍሳሽ መስመሩ ደጁ ድረስ የደረሰ ቦታ አግኝተን ለአምስት ቤተሰብ የሚሆን ሕንፃ አቀድን። የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ደንብ እስከ አራት ቤት ላለው ሕንፃ ቀለል ያለ ምርመራ ይበቃል ይላል፤ አምስተኛው ሲጨመር ግን ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሁለት መቶ ቤት የሚሠራ ኩባንያ የሚጠየቀውን ዓይነት ሙሉ ግምገማ ይጠይቃል። ለገጠርና ለትናንሽ ከተሞች ቤት ገንዘብ ከሚሰጠው ከፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤትም ስለጠየቅን ረግረጉ፣ የጎርፍ ሜዳው፣ ሊጠፋ የተቃረበው የሌሊት ወፍና ታሪካዊ ቅርሱ ሁሉ በሌላ ቅጽ እንደገና ተጠየቀ። ሁሉም እስኪያልቅ መሬቱን መግዛትም ሆነ መቆፈር ክልክል ነው። ፈቃዱ ሲመጣ መሬቱ በረዶ ሆኖ ነበር፤ ቁፋሮው ለጸደይ ተላለፈ፤ ባለቤቱም መጠበቅ ሰልችቶት ቦታውን ለሌላ ሸጠው።

እጠይቃለሁ! አንዱ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ረግረግ የለበትም ብሎ የፈረመበትን መሬት ሌላው የፌዴራል መሥሪያ ቤት እንደገና የሚመረምረው በመካከሉ ረግረግ ሆኗል ብሎ ነው? በዚያ ሁሉ ጊዜ ለጠባብ ክፍል ውድ ኪራይ ሲከፍል የኖረው ማን ነው? ቅጹን ያዘጋጀው ባለሥልጣን አይደለም፤ እናንተ ናችሁ!

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሕግ እኛ ለተጠየቅነው ዓይነት ግምገማ የ75 ገጽና የአንድ ዓመት ገደብ አበጅቷል። መልካም ነው፤ ግን በእኛ ክረምት አንድ ዓመት ማለት አንድ የግንባታ ወቅት ሙሉ ማለት ነው። የምንጠይቀው አንዱ መሥሪያ ቤት የመረመረውን ሌላው እንዲቀበል፣ መንገድና ፍሳሽ በገባለት የከተማ ቦታም ላይ የአራት ቤት ገደቡ ከፍ እንዲል ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ምርመራቸውን እንዲያቀናጁ የሚጠይቅ ሐሳብ በኮንግረስ ቀርቧል።

ስለ ብድሩ ባጭሩ፦ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ በቀጥታ የሚሰጠው ብድር በ33 ዓመት፣ ገቢው በጣም ላነሰ ደግሞ እስከ 38 ዓመት ይከፈላል፤ ቅድመ ክፍያም አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅበትም።

ለሁለቱ የሚኔሶታ ሴናተሮች የተጻፈው ደብዳቤ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ዜግነት ያልያዛችሁም መፈረም ትችላላችሁ፤ ከስማችሁ አጠገብ በአንድ ቤት ስንት ሆናችሁ እንደምትኖሩ ጻፉበት።