ዘመድ የዘረጋውን የመብራት መስመር እንዴት እንፈትሽ?

[ምስል፦ ጅማ፣ ኮቺ። ዋናው ቤት፣ ከኋላው የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች።]

ሰላም፣ እንደምን አላችሁ! ዛሬ ጅማ፣ ኮቺ ነን። እንዲህ ያለ ግቢ ለጅማ ሰው አዲስ አይደለም። ፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከኋላ ለተማሪና ለሠራተኛ የሚከራዩ ክፍሎች። ቆጣሪው አንድ ነው። ሽቦውን የዘረጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ "ትንሽ ይሞክራል" የሚባል ዘመድ ነው። አምፖሉ በራ፣ ተመሰገነ፣ ቡና ጠጥቶ ሄደ።

ችግሩ፣ በስህተት የተገናኘ መስመርም አምፖል ያበራል። ስለዚህ ሌላ ምልክት እንፈልግ።

መጀመሪያ ግን፣ ማንኛውንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ቴስተራችሁ እንደሚሠራ ከማጥፋታችሁ በፊት ሶኬት ላይ ሞክሩት። ካጠፋችሁ በኋላ እንደገና ሞክሩ። የተበላሸ ቴስተር ኤሌክትሪክ እያለም "የለም" ሊል ይችላል።

[ምስል፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ስፒናው በቅርበት።]

የቤቱን ገመና የሚያወጣው ምጣድ ነው። ብዙ ምጣዶች ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳሉ። 3,500ውን ለ220 ቮልት ስናካፍለው ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ለአምፖል የሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር። ለሶኬት 2.5 ነው፣ ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር። ምጣዱ ብቻውን የሶኬቱን መስመር ሞላው ማለት ነው። በዚያው መስመር ላይ ሰርቪስ ያለው ተከራይ ምድጃውን ሲሰካ አስቡት። ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ፣ ቢያንስ 4 ካሬ የሆነ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። በዲቫይደር መጋገርማ ጭራሽ አይታሰብ።

ቀላል ፈተና አለ። ጋግራችሁ ስትጨርሱ አጥፉና ስፒናውን ንቀሉ። እግሮቹ የሚያቃጥሉ ከሆነ፣ ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ፣ ሶኬቱ ወይም ሽቦው አልቻለም።

አሁን ወደ ብሬከሩ። "እየወደቀ አስቸገረን" ተብሎ 16ቱ ወጥቶ 32 ይገባል። ከዚያ በኋላ አይወድቅም። ግን ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው እንጂ ምጣዱን አይደለም። በ32 ብሬከር ላይ ያለ ቀጭን ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ይግላል፣ የሚያስቆመውም የለም። በድሮ ቤቶች ደግሞ ቫልቮላውን ክፈቱ። በፊውዝ ፋንታ የመዳብ ክር ተጠምጥሞ ካያችሁ ነገሩ ያው ነው።

[ምስል፦ በናስትሮ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ።]

እሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከመሀል ሽቦ ሳይሆን ከመገጣጠሚያ ነው። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ ናስትሮ ይጠቀለልበትና በጭቃ ይለሰንበታል። ቀስ በቀስ ይላላል። የላላ ቦታ ግማሽ ኦም ብቻ ቢቃወም፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 128 ዋት ሙቀት ያወጣል። ይህ ሙቀት አንዲት ጫፍ ላይ ነው የሚጠራቀመው። ዙሪያውን ያለው ደግሞ እንጨትና ጭድ ነው። እና መገጣጠሚያ ሁሉ ሳጥን ውስጥ፣ በብሎን ማያያዣ፣ ተከፍቶ የሚታይበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። የት እንደተቀጠለ የማይታወቅ መስመር ካለ፣ ምጣድ ሲሰካ መብራቱ የሚደክምበትን ክፍል አስቀድማችሁ ጠርጥሩ። ማብሪያው ጢስ ጢስ ካለ ወይም "ጥዝዝ" ካለ ደግሞ ነገ አትበሉ።

እኔ በግሌ ከሁሉም የምፈራው ቆርቆሮውን ነው።

[ምስል፦ ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪሱ በጣራ ላይ የሚያልፍ ሽቦ።]

ጅማ ዝናቧን ታውቁታላችሁ። ሽቦው ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ሲሻገር ቆርቆሮው በምስማር ይበሳና በዚያው ይገባል። የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ቢላ ነው። ንፋስ ሽቦውን ባወዛወዘው ቁጥር ልባሱን ይልጠዋል። መዳቡ ሲገለጥ ጣራው በሙሉ፣ ከጣራው ጋር የተያያዘው የልብስ ማስጫ ሽቦም ጭምር፣ ኤሌክትሪክ ይይዛል። በደረቅ ቀን ላይታወቅ ይችላል። እርጥብ ልብስ ይዞ፣ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የነካው ሰው ነው የሚያውቀው። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገብቶ፣ ከቆርቆሮው ርቆ፣ ውሃ እንዳይከተለው ወደ ታች ታጥፎ መግባት አለበት። የማስጫ ሽቦውንም ከጣራው ፈታችሁ ከእንጨት ጋር እሰሩት።

ወደ ማብሪያው። ማብሪያ መቁረጥ ያለበት ፌዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ ነው። ኑትራሉን፣ ማለትም የሚመልሰውን ሽቦ ከቆረጠ አምፖሉ ይጠፋል፣ የአምፖሉ ማቀፊያ ውስጥ ግን 220 ቮልት እንዳለ ነው። ዋናው ብሬከር በርቶ፣ ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ የማቀፊያው ጫፍ ላይ ቴስተር ከበራ ተገላቢጦሽ ነው።

"ምጣዱ ይነዝራል፣ ነጠላ ጫማ አድርጊ" የሚል እናት ስንት አለ! ጫማው መፍትሔ አይደለም። የሚነዝረው ግራውንድ፣ ማለትም ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ ስለሌለው ነው። ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ ሶኬቱን ፍቱና እዩ፦ አረንጓዴና ቢጫ ያለበት ሽቦ ተገናኝቷል? ወይስ ታጥፎ ተቀምጧል? አንዳንዱ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ብሎ ግራውንዱን ከኑትራል ጋር ሶኬቱ ውስጥ ያጣምረዋል። ይህ ካለመኖሩ የባሰ ነው። ኑትራሉ አንድ ቦታ ከተበጠሰ የፍሪጁ አካል በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰርም ድሮ ቀረ፣ አሁን ቧንቧው ፕላስቲክ ነው። ግቢው ውስጥ መሬት የተቀበረ የመዳብ ዘንግ ይኑር። አቅም ካለ፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈተልክ 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጠውን መከላከያ ብሬከር አስገቡ። ከዚህ ሁሉ መጀመሪያ ግዙ ብባል የምለው እሱን ነው።

[ምስል፦ የቆጣሪው ሳጥን።]

ያያችሁትን ጻፉና ለባለሙያ ስጡት። ከቆጣሪው በፊት ያለው ግን የእኛም የባለሙያውም አይደለም። ከፖል የሚመጣው ሽቦ አሉሚኒየም ነው፣ ከመዳብ ጋር በቀጥታ ከተጠመጠመ ይዝጋል፣ ይላላል፣ ይግላል። እዚያ ብልጭታ ወይም ጥቁረት ካያችሁ መሰላል እንዳትፈልጉ። የውስጡን ብሬከር ብታጠፉም በዚያ በኩል ኤሌክትሪክ አለ። ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ቢሮ አመልክቱና መጥተው እስኪያዩት ድረስ ምጣዱን አትሰኩ።