ድምፅ ወንበር የሚሆንበት ስሌት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

ስለ አውሮፓ ሕዝበኞች፣ ማለትም «እውነተኛውን ሕዝብ የምንወክለው እኛ ብቻ ነን» ስለሚሉ ፖለቲከኞች፣ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው የመሪዎቹ አንደበት ነው። እኔ ዛሬ ወደ ድምፅ ቆጠራው ልወስዳችሁ እፈልጋለሁ፤ ትልቁን ጉዳት የማየው እዚያ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሃንጋሪ ልጀምር። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በፊት ብዙ ቤተሰቦች ቤት የገዙት በስዊስ ፍራንክ ተበድረው ነበር፤ ወለዱ ከአገሬው ገንዘብ ከፎሪንት ያነሰ ነበርና። ፎሪንት ሲወድቅ ወርሃዊ ክፍያው ናረ። ገዢዎቹ ሶሻሊስቶች ደግሞ፣ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ሕዝቡን ሲዋሹ እንደነበር ለፓርቲያቸው ሰዎች ሲናገሩ የተቀዳ ድምፅ በ2006 ወጥቶባቸው አመኔታ አጥተው ነበር። በ2010 የቪክቶር ኦርባን ፓርቲ ፊዴስ 53 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ386 ወንበሮች 263ቱን ወሰደ። ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው። ሕገ መንግሥት ለመለወጥ ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ ሕዝበ ውሳኔም አልተጠየቀም።

በ2011 የወጣውን የምርጫ ሕግ በደንብ እንየው። ፓርላማው ወደ 199 ወንበር ወረደ፤ 106ቱ በምርጫ ክልል፣ 93ቱ በፓርቲ ዝርዝር፣ ማለትም ፓርቲዎች ካቀረቡት የዕጩ ዝርዝር በድምፃቸው ልክ፣ የሚያዙ ናቸው። ሁለተኛው ዙር ተሰረዘ። እኛ አገር እንደምናውቀው በአንድ ዙር ብልጫ ያገኘ ያልፋል፤ ተቃዋሚው ከተከፋፈለ 40 በመቶም ይበቃል። ቀድሞ ወደ ዝርዝሩ የሚደመረው የተሸናፊ ዕጩዎች ድምፅ ነበር። አዲሱ ሕግ የአሸናፊውንም ትርፍ ጨመረበት። አሸናፊው 20,000፣ ተከታዩ 12,000 ቢያገኙ ለማሸነፍ 12,001 ስለሚበቃ ቀሪው 7,999 ለአሸናፊው ፓርቲ ዝርዝር ይታሰባል። አንዱ ድል ሁለት ጊዜ ተከፈለበት ማለት ነው፤ ይህን ፍትሐዊ ብሎ መጥራት አልችልም።

በ2014 የፊዴስ ድምፅ ወደ 45 በመቶ ወረደ። ሆኖም ከ106 ክልሎች 96ቱን አሸንፎ በድምሩ 133 ወንበር ያዘ። ከ199 ለሁለት ሦስተኛ የሚያስፈልገው ትንሹ ቁጥር ልክ 133 ነው።

የዳኞች ጡረታ ዕድሜም ከ70 ወደ 62 ወርዶ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012 ይህ የኅብረቱን ሕግ ይጥሳል ሲል በየነ፤ እስከዚያ ግን ከቦታዎቹ ብዙዎቹ በሌሎች ተሞልተው ነበር።

ሁለተኛ ዙር ምን ያህል እንደሚያደርግ ፈረንሳይ በ2024 አሳይታለች። የሕዝበኛዋ ማሪን ለፔን ፓርቲ ከአጋሮቹ ጋር በመጀመሪያው ዙር 33 በመቶ ገደማ ይዞ መራ። ከሁለተኛው ዙር በፊት በቀናት ውስጥ ከ200 በላይ የተቀናቃኞቹ ዕጩዎች ድምፅ እንዳይበተን ራሳቸውን አገለሉ፤ የለፔን ፓርቲም በወንበር ብዛት ሦስተኛ ሆነ።

ፖላንድ ውስጥ ነገሩን የወሰነው የመግቢያ ወለሉ፣ ማለትም ፓርላማ ለመግባት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ድምፅ ነው፦ ለፓርቲ 5፣ ለጥምረት 8 በመቶ። በ2015 የግራ ኃይሎች ጥምረት ፈጥረው 7.6 በመቶ ገደማ አገኙና ከፓርላማ ውጭ ቀሩ። እንደ ነጠላ ፓርቲ ተመዝግበው ቢሆን ይገቡ ነበር። ከወለሉ በታች የቀረው ድምፅ በጠቅላላው ከ16 በመቶ በላይ ስለነበር፣ ሕዝበኛው ሕግና ፍትሕ ፓርቲ በ37.6 በመቶ ድምፅ ከ460 ወንበሮች 235ቱን አገኘ፤ ብቻውንም መንግሥት መሠረተ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን ለመቆጣጠር እርምጃ ለመጀመር ወራት እንኳ አልፈጀበትም።

በ2023 ተቃዋሚዎቹ በሦስት ዝርዝር ቀርበው ሦስቱም ወለሉን አለፉ፤ 74 በመቶ መራጭ ወጥቶ 248 ወንበር ሰጣቸው። የፍርድ ቤቶቹን ሕግ ለማስተካከል ሲነሱ ግን ፕሬዚዳንቱ የቀድሞው ገዢ ፓርቲ ወገን ነበሩ። ሁሉም አባላት በተገኙበት ፕሬዚዳንቱ ሕግ አልፈርምም ሲሉ እምቢታቸውን ለመሻር ሦስት አምስተኛ፣ ማለትም 276 ድምፅ ያስፈልጋል። 28 ጎደላቸው።