ኳሷን የሚያዛት ማን ነው? ፊዚክስ ወይስ የተቀረጸ እንቅስቃሴ
(የውይይቱ የጽሑፍ ቅጂ፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ የተቀዳ)

ናቲ፦ ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከታች መኪና ብሎኬት እያራገፈ ነው፣ ድምፁን ታገሡን። የዛሬው ርዕስ በየፕሌይስቴሽን ቤቱ የማይበርደው ክርክር ነው። ሰው በመጨረሻ ደቂቃ ጎል ሲገባበት ጆይስቲኩን ያስቀምጥና "ስክሪፕት ነው!" ይላል። ቤዚ፣ ስክሪፕት ነው?

ቤዛ፦ ሁለት ነገር ተደባልቋል፣ እንለየው። አንዱ፣ ጨዋታው ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ወስኗል የሚለው ነው። ይሄ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ የፊፋ ጨዋታዎችን በሠራው ኩባንያ፣ በኢኤ ላይ ክስ ቀርቦ፣ በ2021 ከሳሾቹ ራሳቸው ትተውታል። ሌላው፣ የተጫዋቹ እንቅስቃሴ አስቀድሞ የተቀረጸ ነው የሚለው ነው። ይሄኛው ክስ አያስፈልገውም፣ እውነት ነው። ስክሪን ላይ የሚሮጠው ሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የተቀረጸ አኒሜሽን ነው።

ናቲ፦ ኳሷስ?

ቤዛ፦ ኳሷ ሌላ ናት። ከእግር ከተለየች በኋላ የምትሄደው በስሌት ነው። ክብደቷ በሕጉ ከ410 እስከ 450 ግራም፣ ዙሪያዋ ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር። የሚሠሩባት ኃይሎች ሦስት ናቸው፦ የመሬት ስበት፣ የአየር ግጭት፣ ስትሽከረከር ደግሞ ወደ ጎን የሚያጥፋት የማግነስ ኃይል። እነዚህን ማስላት ለኮምፒዩተር ቀላል ነው።

ናቲ፦ እዚህ ጋ ለአዲስ አበባ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር አየራችን ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። የአየር ግጭቱም የማግነስ ኃይሉም ከአየሩ ጋር አብረው ይቀንሳሉ። እዚህ የተመታ ቅጣት ምት ፍጥነቱን ይዞ ይቆያል፣ የሚታጠፈው ግን ያንሳል። ፊዚክሱ በእውነት ለሚሰላ ጨዋታ ይሄ አንድ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው።

ቤዛ፦ ኳሷ ላይ የሚከብደው ፍጥነቷ ነው። በሴኮንድ 30 ሜትር የተመታች ኳስ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ጨዋታው በሴኮንድ 60 ጊዜ ካሰላ፣ በሁለት ስሌት መካከል 50 ሴንቲ ሜትር ትዘላለች። የግቡ ቋሚ ውፍረት ደግሞ በሕጉ ቢበዛ 12 ሴንቲ ሜትር ነው።

ናቲ፦ አንዴ ከቋሚው ፊት ናት፣ ቀጥሎ ከኋላው ናት። ግጭቱን ያየ የለም።

ቤዛ፦ የበረኛ እጅም እንዲሁ ይታለፋል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንድም ስሌቱን ማብዛት፤ በመኪና ኳስ የሚመታበት ሮኬት ሊግ የሚባለው ጨዋታ በሴኮንድ 120 ጊዜ ነው የሚያሰላው። አንድም በሁለቱ ቦታዎች መካከል የኳሷን መንገድ ሙሉውን መፈተሽ፣ የት ጋ ምን ትነካለች ብሎ። ስለዚህ ኳስ በበረኛ እጅ ውስጥ ስታልፍ ብታዩ፣ ያ የስሌት ክፍተት ነው። በረኛው አልተገዛም።

ናቲ፦ እሺ፣ ኳሷ በፊዚክስ ከሄደች ሰውየውስ ለምን አይሄድም?

ቤዛ፦ ሰውየው መቆም ስላለበት! ኳስ ሚዛን መጠበቅ የለባትም። ሰው ግን ጭን፣ ባት፣ እግር፣ ወገብ፣ ክንድ እያልክ ወደ 15 የሚሆኑ ጠንካራ ቁራጮች በመገጣጠሚያ ተያይዘው ነው የሚሠራው። በየመገጣጠሚያው እንደ ጡንቻ የሚስብ ኃይል ትሰጣለህ። ኃይሉ ሲበዛ ሰውየው ብረት ይሆናል፣ ሲያንስ ደግሞ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። በመሃል ያለው ትክክለኛ ቦታ ጠባብ ነው፤ በዚያ ላይ ለሩጫ፣ ለዝላይ፣ ለሸርተቴ ይለያያል።

ናቲ፦ የሞከሩት ግን አሉ።

ቤዛ፦ አሉ። ናቹራልሞሽን የሚባል ኩባንያ ዩፎሪያ የተባለ ቴክኖሎጂ ሠርቶ፣ በ2008 በወጣው ጂቲኤ 4 ላይ ሰው ሲገፋ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲሞክር አሳየን። ከዚያ በ2010 ባክብሬከር በሚባል የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ላይ አዋሉት፤ ሁለት ግጭት አንድ አይነት ሆኖ አይወጣም። ፋይት ናይት ራውንድ 4 ደግሞ በ2009 ቡጢን በግጭት ስሌት ሠራው። ግማሽ የተሳተ ቡጢ በግማሽ ኃይል ያርፋል።

ናቲ፦ ቦክስ ላይ ለምን እንደሚሻል ልብ በሉ። ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ የጨዋታው ቁም ነገርም ራሱ ግጭቱ ነው። እግር ኳስ 22 ሰው ይዞ፣ አብዛኛው ጊዜ ሩጫና መዞር ነው።

ቤዛ፦ ለዚህ ነው ፊፋ 12 በ2011 ሲወጣ ፊዚክሱን ለግጭት ብቻ ያስገባው። ስትሮጥ አኒሜሽን፣ ስትጋጭ ስሌት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ መዘዙ ደግሞ እግር ለእግር ተጠላልፈው፣ ተቃቅፈው የሚወድቁ ተጫዋቾች ቪዲዮ ኢንተርኔቱን መሙላቱ ነው።

ናቲ፦ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሃይፐርሞሽን የሚባለው ነገር ፊዚክስ ነው ወይስ ምን?

ቤዛ፦ ፊዚክስ አይደለም። ማስታወቂያው ሰውን ያሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፊፋ 22 ላይ 22 ተጫዋቾችን የመቅረጫ ልብስ አልብሰው ሙሉ ጨዋታ አጫወቷቸውና ከ8.7 ሚሊዮን በላይ ፍሬም፣ ማለትም የእንቅስቃሴ ነጠላ ቅጽበት፣ ሰበሰቡ። ፊፋ ስሙን ቀይሮ በመጣበት ኤፍሲ 24 ላይ ከ180 በላይ እውነተኛ ግጥሚያዎች በካሜራ የተወሰደ እንቅስቃሴ ጨመሩ። ብዙ ቀረጻ ማለት ምርጫው በዛ ማለት ነው። የምትመርጠው ግን አሁንም ከተቀረጸ ነገር ነው።

ናቲ፦ ምርጫው እንዴት እንደሚካሄድ እንንገራቸው፣ ምክንያቱም "ቁልፉን ነክቼ አልታዘዘኝም" የሚለው ስሞታ የሚወለደው እዚያ ነው። ሹት ስትጫኑ፣ በአብዛኞቹ የእግር ኳስ ጨዋታዎች፣ ጨዋታው መጀመሪያ ኳሷ ከጥቂት ቅጽበት በኋላ የት እንደምትሆን ይተነብያል። ከዚያ ካሉት ቀረጻዎች ውስጥ እግሩ ኳስ የሚነካበት ፍሬም ከዚያ ቦታና ጊዜ ጋር የሚቀራረበውን ይፈልጋል። የተገኘው በልክ ስለማይገጥም ጉልበቱን ትንሽ ያጥፈዋል፣ ፍጥነቱን ትንሽ ይጎትታል ወይ ያሳጥራል።

ቤዛ፦ የቀረውን ክፍተትስ?

ናቲ፦ ኳሷን ገፋ አድርጎ ያስተካክለዋል። እግር ሳይነካት አቅጣጫ የምትቀይር ኳስ ያያችሁት ለዚህ ነው። የተጫዋቹ ጫማ በሳሩ ላይ ሲንሸራተት የምታዩትም እዚሁ ውስጥ ነው፤ ቀረጻው የሚሄድበት ርቀትና ጨዋታው የሚፈልገው ርቀት አልተገጣጠሙም።

ቤዛ፦ እና ኳሷ ስትወጣ ፍጥነቷና አቅጣጫዋ ከጫማው ጋር ካላት ግጭት አይሰላም። ያንተ አቅጣጫ፣ የተጫዋቹ የሹት ነጥብ፣ የቆመበት ሁኔታ፣ ከዚያ በላይ የተወሰነ ስህተት ይደመሩና ይሰጣታል። "አጭበርባሪ" ከማለታችሁ በፊት ግን አንድ ስሌት ስሙኝ። የኳስ ግማሽ ስፋት 11 ሴንቲ ሜትር ነው። ከመሃሏ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ብትመታ፣ በጂኦሜትሪ ብቻ አቅጣጫዋ 5 ዲግሪ ያህል ይስታል። 20 ሜትር ርቀት ላይ ያ ወደ 1.8 ሜትር ይሆናል። በጆይስቲክ ዱላ የእግርህን አንድ ሴንቲ ሜትር ማዘዝ ትችላለህ?

ናቲ፦ ማንም አይችልም። እውነተኛው ምት ራሱ እግርና ኳስ የሚነካኩት ለ10 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው። በሴኮንድ 60 ፍሬም አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። ምቱ ተጀምሮ የሚያልቀው በአንድ ፍሬም ውስጥ ነው።

ቤዛ፦ ስለዚህ የኔ አቋም፣ ምት ላይ ንጹሕ ፊዚክስ መፈለግ ከንቱ ነው። የሚያስፈልገው ስህተቱ ምክንያት እንዲኖረው ነው። ሚዛን ስቶ፣ በደካማ እግሩ፣ ተከላካይ ተጭኖት የመታ ተጫዋች ይሳት። ተደላድሎ የቆመ ደግሞ ያግባ። ምክንያቱ ስክሪን ላይ ካልታየ ሰው "ስክሪፕት" ቢል አልፈርድበትም።

ናቲ፦ እኔ ደግሞ የምጨቃጨቀው በመዞር ላይ ነው። አጥቂህ ወደ ፊት እየከነፈ ወደ ኋላ ዙር ስትለው ይዘገያል።

ቤዛ፦ ይዘግይ እንጂ! በሴኮንድ 8 ሜትር የሚሮጥ ሰው በየሴኮንዱ ፍጥነቱን በሴኮንድ 6 ሜትር ቢቀንስ፣ ለመቆም ብቻ ከ1.3 ሴኮንድ በላይና ከ5 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ጨዋታው ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው የሚያዞርልህ። እዚህ ላይ አኒሜሽኑ ላንተ እያደላ ነው፤ እውነተኛ ፊዚክስ ቢገባ ጆይስቲኩን ትወረውራለህ።

ናቲ፦ ተሸነፍኩ። ግን መዘግየቱ ከየት እንደሆነ መለየት ይቻላል። ሁሉም አኒሜሽን አይደለም፤ ቴሌቪዥኑም አለ።

ቤዛ፦ ንገራቸው፣ ይሄ ጌም ቤት ላለው ሰው ይጠቅማል።

ናቲ፦ በሴኮንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ያስፈልጋል። አንድ ፍሬም 4.2 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው። ስልኩን ጆይስቲኩም ስክሪኑም እንዲታይ አድርጋችሁ አቁሙት። መስኮት አጠገብ ይሁን፤ በመብራት ከሆነ አንዳንድ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ስለሚል ምስሉ ይረብሻል። መጀመሪያ ሜኑ ላይ ቁልፍ ተጫኑ። ጣት ከወረደበት ፍሬም እስከ ስክሪኑ ለውጥ ድረስ ቁጠሩ። እሱ የቴሌቪዥኑ፣ የጆይስቲኩና የማሽኑ ድርሻ ነው። ከዚያ ሜዳ ገብታችሁ በሩጫ ላይ ያለ ተጫዋች ወደ ኋላ አዙሩና ዱላው ከተገፋበት አንስቶ ሰውነቱ መዞር እስኪጀምር ቁጠሩ። እንበል ሜኑው 20 ፍሬም፣ ዙሩ 70 ፍሬም ወጣ። የ50ው ልዩነት 208 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ በአብዛኛው የአኒሜሽኑ ድርሻ ያ ነው።

ቤዛ፦ አንዴ ለክቶ መፍረድ ግን አይሆንም። ስክሪኑ ራሱ በየ16.7 ሚሊ ሴኮንዱ ነው የሚታደሰው፣ አራት ፍሬም ያህል ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ሰባት ስምንት ጊዜ ለክቶ መሃለኛውን ቁጥር መውሰድ ነው።

ናቲ፦ ሜኑው ላይ ያለው ቁጥር ከበዛ ጨዋታውን አትስደቡ። ቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ላይ አድርጉት፤ ምስል የሚያሳምሩት ነገሮች ናቸው የሚያዘገዩት። ፒኤስ 4 ላይ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ኮንትሮለርስ ገብታችሁ ግንኙነቱን በዩኤስቢ ገመድ አድርጉት። ገመዱ መሰካቱ ብቻ አይበቃም፣ ሳይቀየር ቻርጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። በተለይ አራት አምስት ጆይስቲክ በአንድ ክፍል ውስጥ በብሉቱዝ ሲሠራ ልዩነቱ ይታያል።

ቤዛ፦ አንድ ነገር በአጭሩ፦ ኦንላይን። ነጻ ፊዚክስ ያለው ግጭት ኦንላይን ላይ ችግር ነው፤ በስሌቱ ውስጥ ኢምንት ልዩነት ሲፈጠር ባንተ ስክሪን የወደቀው በሌላው ስክሪን ቆሞ ሊገኝ ይችላል። የተቀረጸ አኒሜሽን ቁጥሩ ተልኮ ሁለቱም ጋ አንድ አይነት ይጫወታል። የፊዚክስ መውደቅ ብዙ ጊዜ ውጤት የማይቀይርበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ የሚተወው በከፊል ለዚህ ነው።

ናቲ፦ እና ቤት ውስጥ ሁለት ሆኖ የሚጫወት ሰው ምን ይቀይር?

ቤዛ፦ ስላይደሮቹን፣ በኢኤ ጨዋታዎች ሴቲንግ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚደረጉትን ቁጥሮች። ሁሉም 50 ላይ ነው የሚመጣው፤ ኦንላይን አይሠራም፣ ለቤት ግጥሚያ ግን ይሠራል። የፓስ ስህተትና የሹት ስህተትን ወደ 55 ወይ 58 አውጣ። የመጀመሪያ ንክኪ ስህተትን 60። የፓስ ፍጥነትን ወደ 46 አውርድ። ያኔ በአንድ ንክኪ የሚደረገው የፒንግ ፖንግ ቅብብል ይቀንስና ተጫዋች ዞሮ መቀበል ይጀምራል።

ናቲ፦ 70 ቢያደርገውስ?

ቤዛ፦ ምክንያት የሌለው ስህተት ይመጣል፣ ተደላድሎ የቆመው ሁሉ መሳት ይጀምራል። አንድ ስላይደር ብቻ ቀይረህ ሁለት ግጥሚያ ተጫወት፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂድ። አራቱንም በአንዴ ከቀየርክ የትኛው እንዳበላሸው አታውቅም። የዩዘር (የሰው) እና የሲፒዩ (የኮምፒዩተሩ) ተብለው የተለዩትን ደግሞ እኩል አድርጋቸው።

ናቲ፦ ኤፍሲ 26 ያለው ሰውስ? በ2025 ሲወጣ ኩባንያው ራሱ ጨዋታውን ለሁለት ከፍሎታል፤ ለኦንላይን ፈጣን የሆነው ኮምፒቲቲቭ፣ ለካሪየር ረጋ ያለው ኦተንቲክ።

ቤዛ፦ እሱ መጀመሪያ ኦተንቲኩን ይሞክር፣ ስላይደር የሚነካው ያ ካልበቃው ነው። ፈጣኑን የለመደ ጓደኛ ከመጣ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩት። ሳይነገረው ከተሸነፈ "ስክሪፕት" ማለቱ አይቀርም።