ከላምበረት ወርዶ ባቡር መያዝ፦ ለሰሜን ሸዋ ተጓዥ

[ምስል፦ የደብረ ብርሃን መናኸሪያ በማለዳ። ረዳቱ «አዲሳባ! አዲሳባ!» እያለ ይጣራል።]

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ቪዲዮ ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ ተነስቶ አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው ነው። ለሕክምና ይሁን፣ ለዕቃ ግዢ፣ ወይም ለዘመድ ለቅሶ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቻቻን፣ ሸኖን፣ አለልቱንና ሰንዳፋን አልፎ ላምበረት መናኸሪያ መድረሱ ብዙም አይከብድም። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ዕቃ ተሸክሞ፣ ከተማውን በቅጡ ሳያውቁ፣ ከአንዱ የታክሲ ሰልፍ ወደ ሌላው። የከተማው ቀላል ባቡር የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፤ ካወቁበት።

[ካርታ፦ ላምበረት፣ መገናኛ፣ ከዚያም ሁለቱ የባቡር መስመሮች በተለያየ ቀለም።]

ላምበረት ላይ ባቡር የለም። በታክሲ መገናኛ ትወርዳላችሁ፤ ቅርብ ነው። የቀላል ባቡሩ ፌርማታ እዚያው አደባባዩ አካባቢ ነው።

መስመሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። እሱም እዚያው አካባቢ ነው ርዝመቱ። የቃሊቲው መስመር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የአያቱ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ተከተለ። የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን አብዛኛው ከቻይና የተገኘ ብድር ነው።

መገናኛ የአያቱ መስመር ላይ ናት። ስለዚህ ሃያ ሁለት፣ ኡራኤል፣ እስጢፋኖስ፣ ስታዲየም፣ ሜክሲኮ ወይም ልደታ ጉዳይ ያለው ሰው ምንም መቀየር አያስፈልገውም። ትኬት ቆርጦ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውን መያዝ ብቻ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ባቡር መቀየር ሲመጣ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ረጋ እንበል።

[አኒሜሽን፦ ሁለቱ መስመሮች ስታዲየም ላይ ይገናኛሉ፤ ልደታን እንዳለፉ ይለያያሉ።]

ሁለቱ መስመሮች ከተማው መሃል አንድ ሃዲድ ይጋራሉ። የጋራ ፌርማታዎቹ አምስት ናቸው፦ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ፣ ልደታ። ይህ ክፍል ድልድይ ላይ የተሠራ ነው። ከታች መኪና፣ ከላይ ባቡር።

አሁን እንበልና መርካቶ ልትገበዩ ነው፤ አውቶቡስ ተራ መውረድ ትፈልጋላችሁ። ከመገናኛ የተሳፈራችሁበት ባቡር ልደታን ሲያልፍ ወደ ኮካ ኮላና ጦር ኃይሎች ይታጠፋል። ስለዚህ ከአምስቱ በአንዱ ወርዳችሁ፣ ወደዚያው አቅጣጫ የሚመጣውን የምኒልክ አደባባይ ባቡር ትጠብቃላችሁ። የትኛው ላይ ብትወርዱ ለውጥ የለውም። እሱ ልደታን አልፎ በዳርማር፣ በአብነትና በሰባተኛ አድርጎ አውቶቡስ ተራ ያደርሳችኋል።

ሳሪስ ወይም ቃሊቲ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የቃሊቲ ባቡር የሚመጣው ከልደታ በኩል ነው፤ ወደ ስታዲየም አልፎ መሿለኪያ ይወርዳል። ማለትም እናንተ በመጣችሁበት ተቃራኒ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የመጀመሪያው የጋራ ፌርማታ፣ ስታዲየም ላይ ውረዱና ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደውን ያዙ። ልደታ ድረስ ሄዶ መመለስም ይቻላል፤ ግን ለምን?

የአያቱ መስመር ባቡሮች አረንጓዴ፣ የቃሊቲው ሰማያዊ ተብለው ነው የሚታወቁት። እኔ ግን ቀለሙን አይታችሁ ዘላችሁ አትግቡ እላለሁ። ግንባሩ ላይ የተጻፈውን መድረሻ አንብቡ። የጋራ ፌርማታዎቹ ላይ የሁለቱም መስመር ባቡር ስለሚቆም፣ የመጣውን ሁሉ የሚሳፈር ሰው ላንቻ እሄዳለሁ ብሎ ራሱን አያት ያገኘዋል።

[ምስል፦ ትኬት መሸጫ መስኮት፣ እጅ ላይ የተያዘች ትንሽ ወረቀት።]

ትኬቱ የሚቆረጠው ከመሳፈር በፊት ነው። ዋጋው በርቀት ነው፤ ሲጀመር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ዝርዝር ብር ያዙ። ትኬቷን እስክትወርዱ አትጣሏት፤ ተቆጣጣሪ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

እንደ ታክሲ «ወራጅ አለ!» ማለት እዚህ አይሠራም። ባቡሩ በራሱ ፌርማታ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከመድረሳችሁ አንድ ፌርማታ ቀደም ብላችሁ ወደ በሩ ተጠጉ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውስጡ መርፌ መጣያ ስለማይኖረው፣ መሃል ላይ ቆሞ የቀረ ሰው መውረጃው ያልፈዋል። ቦርሳ ደግሞ ፊት ለፊት ነው የሚያዘው። ይህን የከተማ ሰውም ያደርገዋል፤ ገጠሬ ያስብለኛል ብላችሁ እንዳታፍሩ። ስማቸው የሚመሳሰሉትንም ልብ በሉ፤ ጉርድ ሾላ ሁለት ፌርማታ አለው፣ ሃያ ሁለትም እንዲሁ።

ባቡሩ ለምን ይዘገያል? ሲጀመር የተገዙት ባቡሮች 41 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ የሚገዛውም በዶላር ነው። ባቡር ሲያንስ በሁለት ባቡሮች መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል፤ ጊዜው ሲረዝም ፌርማታው ላይ ሰው ይከማቻል፤ የመጣውም ጢም ብሎ ይመጣል። የሐኪም ቀጠሮ ያለው ሰው ይህን አስቦ ቀደም ብሎ ይውጣ። በዊልቸር የሚሄድ ወይም ጉልበቱን የሚያመው ታማሚ ካለ ደግሞ ድልድይ ላይ ያሉትን ፌርማታዎች ባትመርጡ ይሻላል። ደረጃቸው ብዙ ነው፤ አሳንሰሩም ሁልጊዜ አይሠራም። እንዲህ ያለ ሰው ይዤ ብመጣ ከላምበረት ኮንትራት ታክሲ ነው የምይዘው።

[ምስል፦ ለገሃር፤ የድሮው ጣቢያ ሕንፃ፣ ከፊቱ የቀላል ባቡሩ ድልድይ።]

ለገሃር ስትደርሱ ከድልድዩ ላይ የድሮውን ጣቢያ ታያላችሁ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የሃዲዱ ስፋትም ልክ አንድ ሜትር። ዛሬ ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ግን ከዚህ አይነሳም። ለገሃር ሄዶ «የድሬዳዋ ባቡር የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አሁንም አይጠፋም።

አዲሱ የኢትዮ-ጅቡቲ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። የመንገደኛ ጣቢያው ለቡ ነው፣ በደቡብ ምዕራብ የከተማው ጫፍ። ቀላል ባቡሩ እዚያ አይደርስም፤ ሜክሲኮ ወርዳችሁ በታክሲ ትቀጥላላችሁ። የቀላል ባቡሩም የአዲሱ መስመርም የሃዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ታዲያ የአንዱ ባቡር በሌላው ሃዲድ ለምን አይሄድም የሚል ካለ፣ የኤሌክትሪክ ኃይላቸው ይለያያል። ቀላል ባቡሩ በ750 ቮልት ነው የሚሄደው፣ ትልቁ ደግሞ በ25,000 ቮልት።

ከለቡ ተነስቶ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማና በአዋሽ በኩል ድሬዳዋ ይደርሳል። መታወቂያ ያዙ። የጉዞ ቀኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ እንደ አውቶቡስ «ሲሞላ ይወጣል» የሚባል ነገር የለም። ጣቢያዎቹ ከየከተማው ወጣ ያሉ ስለሆኑ ለባጃጅ ወይም ለታክሲም ያዙ።

[ካርታ፦ ከአዋሽ ወደ ሰሜን የሚወጣ መስመር፤ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ።]

አሁን ወደ ራሳችን አገር። ከአዋሽ ተገንጥሎ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በከሚሴ በኩል ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ 392 ኪሎ ሜትር ሃዲድ አለ። የሠራው ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ነው። ዋሻዎቹና ድልድዮቹ በዓይን ይታያሉ፤ መንገደኛ የሚያመላልስ ባቡር ግን እስካሁን የለም። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦቱ ዘገየ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣና መስመሩ ተጎዳ፣ ተዘረፈ።

የደብረ ብርሃን ሰው ሁሌ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ለምን በእኛ በኩል አላለፈም? ፋብሪካው እኛ ጋ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እኛ ጋ፣ ዩኒቨርሲቲው እኛ ጋ። ለዚህ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ ፖለቲካ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ጣርማ በርን፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ተራራ፣ እዩት እላለሁ።

[አኒሜሽን፦ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን የመሬቱ ከፍታ በመስመር ተስሎ።]

የባቡር ጎማ ብረት ነው፣ ሃዲዱም ብረት። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ሰበቃው ትንሽ ነው። አንድ ባቡር ብዙ መኪና የሚያነሳውን ጭነት የሚጎትተው በዚህ ምክንያት ነው። ዳገት ላይ ግን ያው ጥቅሙ ጉዳት ይሆንበታል፤ ጎማው ሃዲዱን ቆንጥጦ መያዝ ያቅተዋል፣ ይሽከረከራል እንጂ አይወጣም። ስለዚህ የባቡር መሐንዲስ አቀበቱን ለስለስ አድርጎ ነው የሚሠራው።

ሒሳቡን እንሥራ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ። ልዩነቱ 1,500 ሜትር ነው። በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ቢወጣ 75 ኪሎ ሜትር ያለማቋረጥ አቀበት ነው። ጣርማ በር ደግሞ ከደብረ ብርሃንም ይበልጣል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በጉም ውስጥ መብራቱን አብርቶ የሚወጣው አይሱዙ ይህን ከፍታ በጣም ባጠረ መንገድ ይጨርሰዋል፤ ጎማው አስፋልቱን ይነክሳላ። ባቡሩ ግን ገደሉን እየዞረ ወይም ተራራውን እየበሳ መውጣት ሊኖርበት ነው። በቆላው፣ ከገደሉ ሥር መሄዱ ረከሰ።

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ቻቻ፣ ሸኖ፣ አለልቱ፣ ሰንዳፋ፤ ይህ ሁሉ ደጋማ ሜዳ ነው። እዚህ ላይ ተራራው ሰበብ አይሆንም። ለሠራተኛውም፣ ለተማሪውም፣ ለፋብሪካው ጭነትም ከአያት ደብረ ብርሃን የሚዘረጋ ሃዲድ ቢታሰብ ያስኬዳል ባይ ነኝ። ጉዳዩ ገንዘብና ፍላጎት ነው።

የቆላው መስመር ሥራ ሲጀምርስ ለሸዋ ሮቢት ሰው ምን ያመጣለታል? አዲስ አበባ ለሚሄድ፣ ያን ያህል አይደለም። ባቡሩ መጀመሪያ ወደ ደቡብ አዋሽ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ዞሮ በአዳማ በኩል ለቡ ይገባል። ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ በጣርማ በር የሚሄደው መኪና ይቀድመዋል። አዳማ፣ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ለሚሄድ ግን አዲስ አበባ መግባቱ ይቀርለታል። ከሁሉም የበለጠ የሚጠቀመው የቀወትና የኤፍራታ ወረዳዎች ማሾ፣ ጥራጥሬው፣ ነው፤ አገር ውስጥ እምብዛም አይበላም፣ ወደ ውጭ ነው የሚላከው። ዛሬ በጭነት መኪና የሚወጣው ያ ማሾ አዋሽ ደርሶ በቀጥታ ወደ ጅቡቲ ወደብ ይታጠፋል።