ካርታ ማጫወትም ይለማመዱታል፦ የሪክሪዬሽናል ቴራፒ ተማሪዎች ሥልጠና

ዳዊት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ የሄለንን ሙያ ነው የምናነሳው። ሄለን፣ ሪክሪዬሽናል ቴራፒ ሲባል ብዙ ሰው አረጋውያንን ሰብስቦ ቢንጎ ማጫወት ይመስለዋል።

ሄለን፦ ተማሪዎቹም አንዳንዴ እንደዛ አስበው ይመጣሉ። ሥራው ግን ሕክምና ነው። ታካሚው ምን ይችላል፣ ምን አቃተው፣ ድሮ ምን ይወድ ነበር ብለህ ታጠናለህ፤ ግብ ታወጣለህ። ጨዋታው፣ ሙዚቃው፣ አትክልት መኮትኮቱ የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው። በመጨረሻ ለውጡን ቻርት፣ ማለትም የታካሚው መዝገብ፣ ላይ ታሰፍራለህ።

ዳዊት፦ እዚህ አሜሪካ ሥልጠናው ምን ይጠይቃል?

ሄለን፦ የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ኤንሲቲአርሲ የሚባል የሙያው ብሔራዊ ድርጅት ነው። በትምህርት በኩል ለሚመጣ ተማሪ ቢያንስ 560 ሰዓት፣ ከ14 ተከታታይ ሳምንት ያላነሰ ኢንተርንሺፕ፣ የሥራ ላይ ልምምድ ማለት ነው፣ ያስፈልጋል፤ ያውም ምስክር ወረቀት ባለው ባለሙያ ሥር። ቀጥሎ ፈተና አለ።

ዳዊት፦ በ14 ሳምንት ልጨርስ ካለ በሳምንት 40 ሰዓት ማለት ነው።

ሄለን፦ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያለ ክፍያ! ስንቱ የእኛ ልጅ ነው ሌሊት ነርሲንግ ሆም አድሮ ቀን የሚማረው? ሰዓቱን በብዙ ሳምንት ዘርግቶ መጨረስ እኮ ይቻላል። እሺ የሚል ተቀባይ ተቋም ማግኘቱ ነው ከባዱ። ትምህርት ቤቶች ቦታ ሲያፈላልጉ ይህን አብረው መደራደር አለባቸው ባይ ነኝ።

ዳዊት፦ ኮቪድስ?

ሄለን፦ በማርች 2020 የሜዲኬር መሥሪያ ቤት ነርሲንግ ሆሞች ጠያቂ እንዲከለክሉ፣ የጋራ ምግብና የቡድን እንቅስቃሴ እንዲያቆሙ መመሪያ አወጣ። የቡድን እንቅስቃሴ ማለት የእኛ ሥራ ነው! ያኔ ነው በቪዲዮና በሲሙሌሽን፣ ማለትም ታካሚውን በሚተውን ሰው፣ ማሠልጠን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በደንብ የታየው።

ዳዊት፦ ሲሙሌሽኑን እስቲ በምሳሌ አስረጂን።

ሄለን፦ አንድ ሰው ስትሮክ እንደያዘው ሆኖ ይተውናል። ዓይኑ ደህና ነው፤ አእምሮው ግን የግራውን ወገን ይዘለዋል። ተማሪዋ ካርታ ስትዘረጋለት በቀኝ ያሉትን ብቻ ያነሳል። አብዛኛው ተማሪ ወዲያው ምን ያደርጋል መሰለህ? ካርታውን ሁሉ ወደ ቀኝ ያዞርለታል።

ዳዊት፦ እኔም እንደዛ ነበር የማደርገው።

ሄለን፦ ጨዋታው ይቀናል፤ ሕክምናው ግን ቀረ። ግቡ እኮ ወደ ግራ መፈለግን እንዲለምድ ነው! ስለዚህ ጠረጴዛው ግራ ጫፍ ላይ ቀይ ቴፕ ትለጥፋለህ፤ «ቀዩን እስኪያዩ ይፈልጉ» ትለዋለህ። እጁም ከደከመ ካርታውን የሚይዝለት ማቆሚያ ትሰጠዋለህ። በመጀመሪያ 4 ካርታ፣ ቀጥሎ 6።

ዳዊት፦ ቻርቱስ ላይ ምን ይጻፋል?

ሄለን፦ «ደስ ብሎት ተጫወተ» ብሎ ነገር አይሠራም። «በግራ ካሉት 3 ካርታዎች 2ቱን አንድ ጊዜ ሲታወስ አገኘ» ነው የሚባለው። ከዛ ቪዲዮውን አብረን እናየዋለን። ለዚህ ከልምምዱ የበለጠ ጊዜ እሰጠዋለሁ፤ ተማሪው የሚለወጠው እዚያ ነው።

ዳዊት፦ ታዲያ ሲሙሌሽኑ ኢንተርንሺፑን ሊተካ ይችላል?

ሄለን፦ በፍጹም! የሚያለቅስ ቤተሰብ፣ የመርሳት ችግር ይዟት «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» የምትል እናት ፊት መቆም በትወና አይጠናም። ሲሙሌሽን ግን ተማሪው ሀ ብሎ ታካሚው ላይ እንዳይለማመድ ያደርጋል፤ ያ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዳዊት፦ አሠልጣኞቹ የእኛን እናቶችስ ያስቧቸዋል?

ሄለን፦ የእኔ ምኞት እሱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች አንዲት እናት «በትርፍ ጊዜዎ ምን ያደርጋሉ?» ስትባል «ምንም» ትላለች። ተማሪው «ፍላጎት የላትም» ብሎ ይጽፋል። ስለ ማኅበሯ፣ ስለ ጥጥ ፈተላው፣ ቡና ማን ያፈላ እንደነበር ጠይቃት፤ አታቆምም! ቡናውን መቁላት ባትችል ስኒውን ማቅረብ ትችላለች፤ ያው የእጅ ልምምድ ነው። እንዲህ ያለ ኬዝ በሲሙሌሽኑ እንዲገባ እፈልጋለሁ፤ አስተርጓሚውም ልጇ ሳይሆን ባለሙያ ሆኖ።