ግሉኮስ ተሰቅሎለታል፤ ታዲያ በልቷል?

(ምስል፦ ለገጣፎ፣ ማለዳ። አንዲት እናት ፔርሙስና ፌስታል ይዘው ታክሲ ይጠብቃሉ።)

ፔርሙሱ ውስጥ አጥሚት አለ። ልጃቸው በቡታጋዝ እሳት ተቃጥሎ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቷል። ጎረቤት ግን፣ «አይዞሽ፣ ግሉኮስ ተሰቅሎለት የለ!» ብሏቸዋል።

እስቲ እናስላው። አምስት በመቶው ግሉኮስ በ1 ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር ነው ያለው። ጉልበቱ 200 ካሎሪ እንኳ አይሞላም፤ ፕሮቲን ደግሞ ጭራሽ የለውም።

(ምስል፦ የልብ ምት መቆጣጠሪያ።)

ሰፊ ገላው የተቃጠለ ሰው ተኝቶም እንደሚሮጥ ነው። ልቡ ይፈጥናል፣ ቆዳ ያጣው ገላ ሙቀትና ውሃ ያባክናል። በተኛበት የሚያወጣው ጉልበት ከጤናው ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ፣ አንዳንዴም ሁለት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ምግብ ካላገኘ የገዛ ጡንቻውን ይጨርሳል፤ የሚተነፍስበትን ጭምር። ክፍሉ 28 እስከ 30 ዲግሪ እንዲሞቅ የሚደረገውም ይህን ብክነት ለመቀነስ ነው። መስኮት ልክፈት ስትሉ ነርሷ ብትቆጣ አትቀየሟት።

(ምስል፦ በአፍንጫ የገባ ቀጭን ቱቦ።)

ምግቡ ቢቻል ከቃጠሎው በኋላ ባሉት 12 ሰዓታት ውስጥ፣ በአፍንጫ ወደ ጨጓራ በሚወርድ ቱቦ በጥቂት በጥቂቱ ይጀመራል። ፕሮቲኑ ለአዋቂ በኪሎ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው በቀን። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ90 እስከ 120 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፤ እንግዲህ በቀን ከ15 እስከ 20 እንቁላል! ማን ይችለዋል? መጠኑ የሚሰላው ግን በባለሙያ ነው፤ ሲበዛም ጉበት ይሰባል፣ የደም ስኳር ይወጣል።

አጥሚቱንስ? ደብቃችሁ በቱቦው አትጨምሩ። ወፍራም ነገር ይደፍነዋል፤ ቱቦው ተንሸራቶ ከሆነ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ይገባል። በአፉ መብላት ሲፈቀድለት እንቁላሉም ወተቱም ይጠቅመዋል። «ሁዳዴ ነው» ብሎ እምቢ ካለ የንስሐ አባቱን አስጠሩለት፤ ከሐኪሙ ይልቅ እሳቸውን ይሰማል። ለታመመ ሰው ጾሙ ይላላል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ለቀዶ ጥገና ተብሎ ምግቡ ይቆማል፤ ተራው ሳይደርስ ይመሽና ለነገ ይባላል። ቱቦው ግን እንደተዘጋ ያድራል። ያን ጊዜ ሳታፍሩ፣ «ሲስተር፣ ምግቡ ይከፈትለት ወይ?» በሉ።